«እገሌ» እና «ሴድ»፦ የተከማቸ ቅጽ ደብዳቤ በትእዛዝ መስመር እንዴት ይታረማል?

በአገራችን የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች የሚወጣ ደብዳቤ መልኩ የታወቀ ነው። ከላይ በቀኝ በኩል ቁጥርና ቀን፣ በግራ «ለ» ተብሎ የተቀባዩ ስም፣ ከሥሩ «ጉዳዩ፡-» የሚለው ርዕስ፣ ቀጥሎ «ከላይ በርዕሱ ለመግለጽ እንደተሞከረው» በሚለው ሐረግ የሚጀምር አንድ ወይም ሁለት አንቀጽ፣ በመጨረሻም «ከሠላምታ ጋር»፣ ፊርማ፣ ማኅተምና «ግልባጭ፡-»። በመካነ ኢየሱስ ከተማ የነዋሪነት ማረጋገጫ የሚጠይቅ ሰው፣ ከስማዳ ወደ ደብረ ታቦር የሚዛወር መምህር፣ ከጋይንት ለሕክምና ወደ ባሕር ዳር የሚላክ ታማሚ ይዘውት የሚሄዱት ወረቀት በአብዛኛው ይኸው ነው። የሚለዋወጠው ስሙ፣ ቀኑና ጥቂት ቃላት ብቻ ነው።

የጽሕፈት ሠራተኞች እንዲህ ያለውን ደብዳቤ የሚያዘጋጁት ብዙውን ጊዜ የትናንቱን ከፍተው የትናንቱን ባለጉዳይ ስም በማጥፋትና የዛሬውን በመተካት ነው። ሥራው አንድ ደብዳቤ ብቻ ሲሆን ይህ አያስቸግርም። ችግሩ የሚመጣው ቅጾቹ ብዙ ሲሆኑና ሁሉም በአንድ ጊዜ መለወጥ ሲኖርባቸው ነው። የወረዳው ስም ተለወጠ እንበል፤ ወይም አንድ ጽሕፈት ቤት መምሪያ ሆነ። በኮምፒዩተሩ የተከማቹት 60 ወይም 70 ቅጾች አንድ በአንድ ተከፍተው፣ ተነብበውና ታርመው ሊዘጉ ነው። ከእነዚህ አንዱ ተዘንግቶ ቢቀር የሚጉላላው ጸሐፊው ሳይሆን በአሮጌ ስም የተጻፈ ወረቀት ይዞ ከአንዱ ቢሮ ወደ ሌላው የሚመለሰው ባለጉዳይ ነው።

ይህን የመሰለ ሥራ በአንዲት መስመር ትእዛዝ የሚፈጽሙ መሣሪያዎች ከ50 ዓመታት በላይ አገልግለዋል። ከእነርሱም አንዱ «ሴድ» የተባለው ነው። በዚህ ጽሑፍ የምንመለከተው የመሣሪያውን አጠቃቀም በሙሉ አይደለም፤ ያን የሚያስተምሩ መጻሕፍት ሞልተዋል። እኛ የምናተኩረው መሣሪያው በአማርኛ ደብዳቤ ላይ ሲውል በሚነሡት ጥያቄዎች ላይ ነው። እነዚህን ጥያቄዎች ለእንግሊዝኛ የተዘጋጁት መጻሕፍት አያነሷቸውም።

ክፍት ቦታው

ቅጽ ከኮምፒዩተር ጋር የመጣ ነገር አይደለም። በግእዝ የጸሎት መጻሕፍት ውስጥ የባለቤቱ ስም በሚገባበት ስፍራ «እገሌ» ተብሎ ይጻፋል። አንባቢው እዚያ ሲደርስ የራሱን የክርስትና ስም ይተካል። ደብተሮች በብራና ላይ በሚጽፉት ክታብም የባለቤቱ ስም በየጸሎቱ መካከል ይገባል፤ ክታቡ ወደ ሌላ ሰው ሲተላለፍ የቀድሞው ስም ተፍቆ አዲሱ በቦታው ይጻፍበታል። በውጭ አገር ቤተ መዘክሮች በሚገኙ የኢትዮጵያ ክታቦች ላይ ይህ የፍቅፋቂ ምልክት እስከ ዛሬ በዓይን ይታያል። ታዲያ ጥንቁቅ ጸሐፊ ስሙን ብቻ ለውጦ አይተውም። ባለቤቱ ወንድ ከሆነ «ገብርከ»፣ ሴት ከሆነች «አመትከ» ማለት አለበትና አብረው የሚሄዱትን ቃላት ሁሉ ያርማል። በሒሳብ ቋንቋ «እገሌ» ማለት ተለዋዋጭ ማለት ነው፤ በእኩልታ ውስጥ ባዶ ሆኖ ዋጋ እንደሚጠብቀው ፊደል መሆኑ ነው።

የደብዳቤ ራስጌም ብዙ ተለዋውጧል። በጋይንት አውራጃ በንጉሠ ነገሥቱ ዘመን የተጻፈ ደብዳቤ «በጌምድርና ሰሜን ጠቅላይ ግዛት» ይል ነበር። ከ1966ቱ አብዮት በኋላ «ጎንደር ክፍለ ሀገር» ሆነ፤ በ1980 ዓ.ም. «ደቡብ ጎንደር አስተዳደር አካባቢ» ተባለ፤ ከዚያም «አማራ ክልል፣ ደቡብ ጎንደር ዞን»። ማሳረጊያውም እንዲሁ «ኢትዮጵያ ትቅደም» እና «ከአብዮታዊ ሰላምታ ጋር» ሲባል ቆይቶ ወደ ዛሬው «ከሠላምታ ጋር» ደርሷል። በነዚያ ዘመናት ቅጽ ማለት በሰም ወረቀት፣ ማለትም በስቴንስል፣ ተመትቶ የሚባዛ ጽሑፍ ነበር። ስሙ ሲለወጥ ስቴንስሉ ተጥሎ አዲስ ይመታል። ዛሬ ስቴንስሉ ፋይል ሆኗል፤ የማረሙ ሥራ ግን አለ።

እንደ ጅረት የሚያርም መሣሪያ

እ.ኤ.አ. በ1969 ኬን ቶምሰን የተባለው አሜሪካዊ በቤል ላብራቶሪ «ኢዲ» የተሰኘ የጽሑፍ ማረሚያ ጻፈ። በዚያን ጊዜ ገጹን በሙሉ የሚያሳይ መስኮት ቀርቶ ብዙዎቹ ተጠቃሚዎች ስክሪንም አልነበራቸውም፤ ትእዛዙንም ውጤቱንም የሚያትመው የቴሌታይፕ ወረቀት ነበር። ስለዚህ እርማት ማለት «በዚህ መስመር ላይ ይህን ፈልገህ በዚህ ተካ» ብሎ በጽሑፍ ማዘዝ ነው። ሊ ማክማን የተባለ የዚያው ላብራቶሪ ባልደረባ እ.ኤ.አ. በ1973 እና በ1974 መካከል ይህንኑ የትእዛዝ ዘይቤ ወስዶ «ሴድ»ን ሠራ። የስሙ ፍቺ «የጅረት አራሚ» እንደማለት ነው። ፋይሉን በሙሉ ወደ ማስታወሻው አይጭንም፤ ጽሑፉ መስመር በመስመር እንደ ወራጅ ውኃ በፊቱ ሲያልፍ እያረመ ወደ ሌላ ፋይል ይለቀዋል። ከዚህ ሁለት ጥቅም ይገኛል። አንደኛ፣ አቅሙ የደከመ አሮጌ ኮምፒዩተር ይበቃዋል። ሁለተኛ፣ ዋናው ፋይል ስለማይነካ በሥራው መካከል መብራት ቢጠፋ የሚጠፋ ነገር የለም።

ዋናው ትእዛዝ እንዲህ ያለ ቅርጽ አለው። (የላቲን ፊደላቱን እዚህ በስማቸው እንጽፋቸዋለን፤ አንባቢ በኮምፒዩተር ሲሞክራቸው «ኤስ»፣ «ጂ» እና «ዋይ» በሚሉት ምትክ የላቲኑን ትናንሽ ፊደላት ይምታ።)

ኤስ/አሮጌው/አዲሱ/ጂ

«ኤስ» ተካ ማለት ነው፤ «ጂ» ደግሞ በመስመሩ ውስጥ የተገኘውን ሁሉ እንጂ የመጀመሪያውን ብቻ አትተካ ማለት ነው። በቅጽ ደብዳቤ ላይ ሲውል ቅጹን እንዲህ እናስቀምጣለን፦

@ማዕረግ@ @ስም@ በመካነ ኢየሱስ ከተማ ቀበሌ @ቀበሌ@ ነዋሪ መሆናቸውን እየገለጽን አስፈላጊው ትብብር እንዲደረግላቸው በማክበር እንጠይቃለን።

ለእያንዳንዱ ክፍት ቦታ አንድ የመተኪያ ትእዛዝ ይጻፋል። «@» የተባለው ምልክት በደብዳቤ ውስጥ በሌላ ምክንያት እምብዛም ስለማይገኝ ለክፍት ቦታው አጥርነት ተመራጭ ነው። እስከዚህ ድረስ ነገሩ ቀላል ነው።

ዓመተ ምሕረት የተባሉት ወይዘሮ

ከባዱ ክፍል የሚጀምረው «አሮጌው» በሚለው ቦታ የሚገባው ነገር ተራ ቃል ሳይሆን ንድፍ በመሆኑ ነው። የዚህ ዓይነቱን ንድፍ ሒሳባዊ መሠረት የጣለው እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ ስቴፈን ክሊን የተባለው የሒሳብ ሊቅ ሲሆን፣ ወደ ጽሑፍ ማረሚያ ያስገባው ቀደም ብለን የጠቀስነው ቶምሰን ነው። በንድፉ ውስጥ አንዳንድ ምልክቶች ልዩ ትርጉም አላቸው። ከእነዚህ አንዷ ነጥብ ናት። ነጥብ ማለት «ማንኛውም አንድ ፊደል» ማለት ነው።

አሁን አንድ ጸሐፊ በቅጾቹ ሁሉ «ዓ.ም» የሚለውን አኅጽሮት «ዓመተ ምሕረት» ብሎ ለመዘርዘር ፈለገ እንበል። እንዲህም ብሎ አዘዘ፦

ኤስ/ዓ.ም/ዓመተ ምሕረት/ጂ

ትእዛዙ ያለ ምንም ተቃውሞ ይፈጸማል። ነገር ግን ንድፉ የሚለው «ዓ፣ ከዚያ ማንኛውም ፊደል፣ ከዚያ ም» ነውና «ዓለም» የሚለውንም ቃል ያገኘዋል። «ወ/ሮ ዓለም» የተባሉት ባለጉዳይ «ወ/ሮ ዓመተ ምሕረት» ይሆናሉ፤ «አቶ ዓለምነህ»ም «አቶ ዓመተ ምሕረትነህ»። ነገሩ ያስቃል፤ ሆኖም ወረቀቱ ማኅተም ካረፈበት በኋላ ሴትዮዋ ከመሬት ይዞታ ደብተራቸው ጋር የማይመሳሰል ስም ይዘው ፍርድ ቤት ቢቀርቡ የሚስቅ አይኖርም። መድኃኒቱ ነጥቧን በኋልዮሽ ሰያፍ መስመር ተራ ነጥብ ማድረግ ነው፦ ዓ\.ም።

ሁለተኛዋ ወጥመድ ሰያፏ መስመር ናት። የአማርኛ የቢሮ ጽሑፍ በሰያፍ መስመር የተሞላ ነው፦ ጽ/ቤት፣ መ/ቤት፣ ት/ቤት፣ ወ/ሮ፣ ወ/ሪት፣ አልፎ አልፎም ዓ/ም። «ሴድ» ደግሞ አሮጌውንና አዲሱን የሚለየው በዚህችው መስመር ነው። ስለዚህ ኤስ/ጽ/ቤት/ጽሕፈት ቤት/ጂ ብንለው «ጽ»ን በ«ቤት» ተካ ያልነው ይመስለዋል፤ የተረፈውንም ሊረዳው አይችልምና ስሕተት መኖሩን ተናግሮ ይቆማል። መሣሪያው ለዚህ መላ አለው። ከ«ኤስ» ቀጥሎ የተጻፈውን ምልክት ሁሉ እንደ አጥር ይቀበላል፦

ኤስ|ጽ/ቤት|ጽሕፈት ቤት|ጂ

ከሁለቱ ወጥመዶች የነጥቧ የከፋች መሆኗን ተማሪዎች ልብ እንዲሉልን እንወዳለን። ሰያፏ መስመር ሥራውን ታስቆማለች። ነጥቧ ግን ዝም ብላ ታበላሻለች።

ሦስተኛው ጉዳይ የቃል ወሰን ነው። ለወንድ የተዘጋጀ ቅጽ ለሴት እንዲሆን «አቶ»ን ሁሉ በ«ወ/ሮ» ብንተካ፣ ለትምህርት ቤት የተጻፈ የመጻሕፍት መጠየቂያ «ወ/ሮሚክ ፊዚክስ» የሚል ርዕስ ይዞ ሊወጣ ይችላል። የእንግሊዝኛ መማሪያዎች በዚህ ጊዜ የቃሉን መጀመሪያና መጨረሻ የሚያመለክቱትን \< እና \> ግራና ቀኝ አድርጉ ይላሉ። በአማርኛ ግን የግራው ወሰን ብዙ ጊዜ አይሠራም። «ለአቶ»፣ «የአቶ»፣ «ከአቶ» ስንል መስተዋድዱ ከቃሉ ጋር ተጣብቆ ይጻፋልና «አቶ» በቃል መጀመሪያ ላይ አይገኝም። የቀኙን ወሰን ብቻ አድርጎ አቶ\> ማለት ይበጃል።

«ቤት» በ«ቤቱ» ውስጥ የለም

ከሁሉ ይልቅ ትኩረት የሚሻው የፊደላችን ጠባይ ነው። አንድ ጽሕፈት ቤት ወደ መምሪያ ቢያድግና «ጽሕፈት ቤት»ን በ«መምሪያ» ተካ ብንል፣ «ጽሕፈት ቤቱ»፣ «ጽሕፈት ቤታችን» እና «ጽሕፈት ቤቶች» የሚሉት ሳይነኩ ይቀራሉ። ለምን? ለሰው ዓይን «ቤት» በ«ቤቱ» ውስጥ ያለ ይመስላል። ለኮምፒዩተሩ ግን «ት» እና «ቱ» እንደ «ሀ» እና «ለ» ሁለት የተለያዩ ምልክቶች ናቸው። በላቲን ፊደል የሚጻፍ ቋንቋ አናባቢውን ከተነባቢው ለይቶ ስለሚጽፍ ግንዱ በረዘመው ቃል ውስጥ ብዙውን ጊዜ እንዳለ ይገኛል። በእኛ አጻጻፍ ግን ቅጥያው ከግንዱ የመጨረሻ ፊደል ጋር ይዋሐዳል።

ደግነቱ ውሕደቱ ሥርዓት አለው። ዩኒኮድ የተባለው ዓለም አቀፍ የፊደል ቁጥር አሰጣጥ እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው 3.0 እትሙ የኢትዮጵያን ፊደል ሲያካትት «ሀ»ን 4608 ብሎ ጀመረ፤ ለእያንዳንዱ የፊደል ቤትም 8 ተከታታይ ቁጥሮች ሰጠ። 4608 ለ8 ያለ ቀሪ ይካፈላል። ስለሆነም የማንኛውንም ፊደል ቁጥር ለ8 አካፍለን ቀሪውን ብንመለከት ፊደሉ ስንተኛ እንደሆነ እናውቃለን። ቀሪው 0 ከሆነ ግእዝ፣ 1 ከሆነ ካዕብ፣ እንዲህ እያለ 5 ከሆነ ሳድስ፣ 6 ከሆነ ሳብዕ ነው። «ት» 4725 ነው፤ ለ8 ሲካፈል ቀሪው 5። «ቱ» 4721 ነው። ልዩነታቸው 4። «ር» 4653፣ «ሩ» 4649፤ ልዩነታቸው አሁንም 4።

እንግዲህ «ቤት» «ቤቱ»፣ «ክልል» «ክልሉ»፣ «ዞን» «ዞኑ»፣ «ባለሥልጣን» «ባለሥልጣኑ» ሲሆን በኮምፒዩተሩ ውስጥ የሚሆነው ነገር አንድ ነው፦ ከመጨረሻው ፊደል ላይ 4 ይቀነሳል። ቃሉ በሳድስ ካላለቀ ግን፣ እንደ «ወረዳ»፣ «ቀበሌ» እና «ቢሮ»፣ መቀነሱ ቀርቶ «ው» ይጨመራል። «ችን» ሲመጣ ሳድሱ ወደ ራብዕ ይሄዳል፤ «ቤት» «ቤታችን» ሆነ፤ 2 ተቀነሰ። «ቢሮ» ደግሞ «ቢሯችን» ሲሆን «ሮ» ወደ ስምንተኛዋ ፊደል ወደ «ሯ» ትሻገራለች፤ 1 ተጨመረ። የሰዋስው መምህራኖቻችን በቃል ያስተማሩን ሕግ በቁጥር ሲጻፍ መደመርና መቀነስ ሆኖ መገኘቱ እኛን ሁልጊዜ ያስደስተናል።

ይሁንና «ሴድ» መደመርና መቀነስ አይችልም። ለእርሱ እያንዳንዱን ቅርጽ ለይቶ መንገር ያስፈልጋል፦

ኤስ/ጽሕፈት ቤቱ/መምሪያው/ጂ
ኤስ/ጽሕፈት ቤታችን/መምሪያችን/ጂ
ኤስ/ጽሕፈት ቤቶች/መምሪያዎች/ጂ
ኤስ/ጽሕፈት ቤት/መምሪያ/ጂ

ከዚህ በኋላ ያመለጠ ቅርጽ መኖሩን ለማወቅ ቤ[ተቱቲታቴትቶ] በሚል ንድፍ መፈለግ ነው። በማዕዘን ቅንፍ ውስጥ ያሉት «ከእነዚህ አንዱ» ማለት ናቸው። ከዚህ ሁሉ የሚሻለው ግን ቅጹን ሲጽፉ ክፍት ቦታውን ቅጥያ በማይዋሐድበት ስፍራ ማስቀመጥ ነው። «የ»፣ «ለ»፣ «በ» እና «ከ» ከፊት ሲመጡ ስሙን አይለውጡትም፤ «ን» እና «ም»ም ከኋላ ሲጨመሩ እንዲሁ። የሚዋሐዱትን «ኡ»ን እና «ኦች»ን መሸሽ ይበቃል።

አክብሮት ያቀለለው ሥራ

ቀደም ሲል ክታብ ጸሐፊው «ገብርከ»ን ወደ «አመትከ» መለወጥ እንዳለበት ጠቅሰናል። በአማርኛ ቅጽ ደብዳቤ ላይ ይህ ችግር በአብዛኛው አለመኖሩን ስንቶቻችን አስተውለናል? ከላይ በሰጠነው ቅጽ «ነዋሪ መሆናቸውን» እና «እንዲደረግላቸው» የሚሉት ቃላት ለወንድም ለሴትም ያው ናቸው። የአክብሮት አነጋገር ጾታ አይለይም። ስለዚህ ከማዕረጉና ከስሙ በቀር የሚለወጥ ነገር የለም። ለተማሪ በሚጻፍ ደብዳቤ ግን «መሆኑን» ወይም «መሆኗን»፣ «እንዲደረግለት» ወይም «እንዲደረግላት» ማለት ይመጣል፤ ክፍት ቦታዎቹም ይበዛሉ። በእኛ አስተያየት ለተማሪም ቢሆን «መሆናቸውን» ብሎ መጻፍ ሥራንም ያቀላል፣ ተማሪውንም ያስከብራል።

ፊደሉ ከውስጥ ምንድን ነው?

ከዩኒኮድ በፊት ፓወር ግዕዝን፣ ቪዥዋል ግዕዝንና ሌሎችንም የመሰሉ የአማርኛ መጻፊያዎች እያንዳንዳቸው የራሳቸው ቁጥር አሰጣጥ ነበራቸው። በአንድ ባይት ሊወከሉ የሚችሉት 256 ምልክቶች ብቻ ስለሆኑና ፊደላችን ከዚያ ስለሚበልጥ፣ ለላቲን የተመደቡትን ቦታዎች በተለያየ ዘዴ እየተዋሱ ነበር የሚጽፉት። በዚያን ጊዜ የተከማቸ ደብዳቤ በስክሪን ላይ አማርኛ ሆኖ ቢታይም ከሥሩ የላቲን ምልክቶች ጥርቅም ነው። በእንዲህ ያለ ፋይል ላይ «ሴድ» «እስቴ»ን ቢፈልግ አያገኝም። አስቀድሞ ወደ ዩኒኮድ መለወጥ፣ የቃል ማቀናበሪያ ፋይል ከሆነም ወደ ጥሬ ጽሑፍ ማውጣት ግድ ነው። በተጨማሪም ብዙ ጸሐፊዎች አራት ነጥብን ሁለት የላቲን ኮለን ደጋግመው በመምታት ስለሚጽፉት መጀመሪያ ኤስ/::/።/ጂ ብሎ ማስተካከል ይጠቅማል።

ዩኒኮድ ቁጥር ሰጠ እንጂ ቁጥሩ በፋይል ውስጥ እንዴት ይቀመጥ የሚለው ሌላ ጥያቄ ነው። ዛሬ የተለመደውን ዘዴ፣ ዩቲኤፍ-8ን፣ እ.ኤ.አ. በመስከረም 1992 የነደፉት ሮብ ፓይክና ያው የ«ኢዲ» ደራሲ ኬን ቶምሰን ናቸው። በዚህ ዘዴ መደበኞቹ የአማርኛ ፊደላት እያንዳንዳቸው ሦስት ባይት ይይዛሉ፤ የመጀመሪያው ባይት ለሁሉም 225 ነው። «ሀ» ለምሳሌ 225፣ 136፣ 128 ተብሎ ይቀመጣል። ተከታዮቹ ባይቶች ከ128 እስከ 191 ባለው ክልል ውስጥ ስለሆኑ መነሻው ባይት ከተከታዮቹ ጋር ፈጽሞ አይምታታም።

ኮምፒዩተሩ ጽሑፉ በዩቲኤፍ-8 መሆኑ ካልተነገረው ግን ነጥብን «አንድ ፊደል» ማለቱ ቀርቶ «አንድ ባይት» ይለዋል፤ የማዕዘን ቅንፉም ፊደሎቹን ሰነጣጥቆ ያያቸዋል። ይህን ለመፈተን ቀላል ሙከራ አለ። «ዓለም» የሚለውን ቃል ብቻውን በፋይል ጽፈን ኤስ/./+/ጂ እንበል። ሦስት የመደመር ምልክት ከወጣ ነገሩ ደኅና ነው። ዘጠኝ ከወጣ የአካባቢው ቋንቋ ቅንብር ሳይስተካከል ወደ ደብዳቤዎቹ መሄድ የለብንም።

አርባ ስምንት መካነ ኢየሱሶች

የከተማዋ ስም ራሱ በጽሑፍ ሲመጣ አንድ ዓይነት አይደለም። «ኢየሱስ» የሚለው ቃል የመጀመሪያ ፊደሉ ኢ፣ እ፣ ዒ ወይም ዕ ሊሆን ይችላል፤ «ሱ» በንጉሡ «ሡ»፣ «ስ»ም በ«ሥ» ሊጻፍ ይችላል። 4 ሲባዛ በ2 ሲባዛ በ2፣ 16 ነው። «መካነ» እና «ኢየሱስ» ደግሞ በክፍት ቦታ ወይም በሁለት ነጥብ ተለይተው፣ አለዚያም ተገጥመው ይጻፋሉ፤ 16 በ3 ሲባዛ 48 ይሆናል። ከእነዚህ ብዙዎቹን ማንም አይጽፋቸውም፤ አምስት ስድስቱ ግን በየማኅደሩ አይጠፉም። ሁሉንም በአንድ ንድፍ መያዝ ይቻላል፦

መካነ[ ፡]*[ኢእዒዕ]የ[ሱሡ][ስሥ]

ኮከቧ «ፊቷ ያለው ከዜሮ ጀምሮ ስንትም ጊዜ ቢደጋገም» ማለት ናት። ይህን ንድፍ በአሮጌው ቦታ፣ የተመረጠውን አንድ አጻጻፍ በአዲሱ ቦታ አድርገን ቅጾቹን ሁሉ ወጥ ማድረግ እንችላለን።

ከዚህ ተነሥቶ አንዳንድ ሰው «ታዲያ ሞክሼ ፊደላቱን ሁሉ በአንድ ትእዛዝ ለምን አንጨፈልቃቸውም?» ይላል። መሣሪያው አለ፤ ዋይ/ሐኀሠዐፀ/ሀሀሰአጸ/ ብንል አምስቱን ፊደላት በተጓዳኞቻቸው ይለውጣል፤ ሌሎቹንም እርባታዎች እንዲሁ መዘርዘር ነው። እኛ ለፍለጋ ሲሆን እንደግፈዋለን። ለማከማቸት ግን ፈጽሞ አንደግፈውም። የከተማ ስም ወጥ ቢሆን ማንንም አይጎዳም፤ የሰው ስም ግን የባለቤቱ ነው። በይዞታ ደብተሩ ላይ «ኃይሉ» ተብሎ የተመዘገበ ገበሬ በድጋፍ ደብዳቤው ላይ «ሀይሉ» ቢሆን ደብዳቤውን የሚቀበለው ሠራተኛ ሁለት ሰው ናቸው ሊል ይችላል። ስለዚህ ስሞች ከመዝገቡ እንደተጻፉ ፊደል በፊደል ይወሰዱ፤ የማጨፍለቂያው ትእዛዝ ደግሞ በቅጂ ላይ፣ ለመፈለጊያ ብቻ ይዋል።

እስቴ ሁለት ሲሆን

የቀድሞው የእስቴ ወረዳ ለሁለት ተከፍሎ በ1999 ዓ.ም. በተካሄደው የሕዝብና ቤት ቆጠራ ምሥራቅ እስቴና ምዕራብ እስቴ ተብለው ለየብቻ ተቆጥረዋል። መካነ ኢየሱስ በምሥራቁ ናት። በዚያን ጊዜ ቅጾቹን በ«ሴድ» የሚያርም ሰው ቢኖር ምን ያጋጥመው ነበር?

ኤስ/እስቴ/ምሥራቅ እስቴ/ጂ ቢል መጀመሪያ ሲያዝ በትክክል ይሠራል። ማረሙን ረስቶ ወይም ተጠራጥሮ በማግሥቱ ደግሞ ቢያዝ «ምሥራቅ ምሥራቅ እስቴ» ይሆናል። በኳንተም ሜካኒክስ ፕሮጀክሽን ኦፕሬተር የሚባል አለ፤ አንድ ጊዜ ቢሠራም ሁለት ጊዜ ቢሠራም ውጤቱ ያው ነው። የደብዳቤ እርማትም እንዲህ ቢሆን ይመረጣል። ዘዴው አስቀድሞ የነበረውን መልሶ ከዚያ መጨመር ነው፦

ኤስ/ም[ሥስ]ራቅ እስቴ/እስቴ/ጂ
ኤስ/እስቴ/ምሥራቅ እስቴ/ጂ

እነዚህ ሁለቱ አብረው ቢሄዱ መቶ ጊዜ ቢታዘዙም ለውጥ የለም። ሆኖም «ምዕራብ እስቴ» የሚል መስመር ካጋጠማቸው «ምዕራብ ምሥራቅ እስቴ» ያደርጉታል፤ ስለዚህ በሁለቱም ፊት /ምዕራብ እስቴ/! ብለን ያን መስመር እንዲዘሉት እናዝዛለን። ስለ ቤት ልማት የሚናገር ቅጽ ካለም «ሪል እስቴት» «ሪል ምሥራቅ እስቴት» እንዳይሆን «ት»ን የሚያገልል ንድፍ መጨመር ነው።

መሣሪያው ሊመልሰው የማይችለው ጥያቄ ግን ይቀራል። ከመከፈሉ በፊት «የእስቴ ወረዳ ነዋሪ» ተብሎ የተጻፈለት ሰው በየትኛው ወረዳ ነው? መልሱ በቀበሌው እንጂ በደብዳቤው ቃላት ውስጥ አይገኝም። ደግሞም በ1990 ዓ.ም. የወጣ ደብዳቤ «እስቴ ወረዳ» ቢል በጊዜው ትክክል ነበር። የሚታረመው ቅጹ ነው፤ ወጪ የሆነው ደብዳቤ ግልባጭ ሰነድ ስለሆነ አይነካም። ቅጾችና ግልባጮች በአንድ ማኅደር ተቀላቅለው ከተቀመጡ ትእዛዙ ሁለቱንም ሊያርም ይችላልና፣ ከሁሉ አስቀድሞ ለየብቻቸው ማስቀመጥ ይገባል።

«ሴድ»ን ፋይሉን በዚያው በቦታው እንዲያርም ማዘዝም ይቻላል፤ ነገር ግን ያለ መጠባበቂያ ቅጂ ይህን ማድረግ አይመከርም። ውጤቱን ወደ አዲስ ፋይል አውጥቶ «ዲፍ» በተባለው ማነጻጸሪያ ከአሮጌው ጋር ማስተያየት ነው። «ዲፍ» የተለወጡትን መስመሮች ብቻ አውጥቶ ያሳያል። በጋይንት ቤተ ልሔም ድጓ የሚያስመሰክር ተማሪ ከዋናው ጋር ይተያያል፤ እዚህም የተለወጠው መስመር ሁሉ በሰው ዓይን ይነበባል። ሰባ ቅጽ ሲታረም የሚነበበው ምናልባት መቶ መስመር ነው፤ ለግማሽ ቀን ሥራ አይበዛም።

ለአንባቢያን አንድ መለማመጃ እንተዋለን። «ዓለምፀሐይ» የሚለው ስም በሞክሼ ፊደላት ስንት ዓይነት ሆኖ ሊጻፍ ይችላል? «ዓ» አራት፣ «ፀ» ሁለት፣ «ሐ» ስድስት አማራጭ እንዳላት ልብ ይሏል። ሁሉንም የሚያገኝ አንድ ንድፍም ይጻፍ።